የሾርባው ክዳን

ረቡዕ ነበር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር። ባሌ የልጃችንን የሾርባ ዕቃ ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋው በዚያ ሰዓት ነው። ሰዓቱን አልረሳውም፤ የትምህርት ቤቱ መኪና አንድ ተኩል ላይ ስለሚደርስ ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ከግድግዳው ሰዓት ላይ አይነቀልም ነበር። የመጨረሻው መሆኑን ግን ከሦስታችን ማንም አላወቀም። ሾርባው የምስር ነበር፣ በወንፊት ሁለት ጊዜ ያለፈ።

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት የሚፈስ ውሃ ሲያቆም ኖረ። ሰፈሩ «ጠብ አይል» ይለዋል። እሱ የነካው ቧንቧ ጠብ አይልም ማለታቸው ነው፤ የሥራ ጓደኞቹ ግን ሻይ እንዲጋብዛቸው ሲፈልጉ «ከዚህ ሰውዬ ኪስማ ጠብ የሚል ነገር የለም» እያሉ ይተርቡታል። እሱም «ምን ላድርግ፣ ሙያዬ ነው» ይላቸዋል።

እኔ የምሠራው በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላ እጨምቃለሁ፣ ፎጣ እጨምቃለሁ። መጭመቂያው ማሽን በሳምንት ሁለት ቀን ይበላሻል፣ እኔ አልበላሽም። ባሌ «አንቺ የጨመቅሽው ድንጋይ ውሃ ይተፋል» ይለኝ ነበር። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ የዚህ ሁሉ ነገር ምክንያት እጄ ስለሆነ ነው።

ልጃችን የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ሳለች የተዘጋ ቱቦ የሚከፈትበትን ፈሳሽ ጠጣች። ቅባትና ጸጉር የሚበላ ነገር ነው። ባሌ ከትልቁ ጀሪካን ቀንሶ በለስላሳ ጠርሙስ አድርጎት፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ክዳኑን ገጥሞታል እንጂ አላጠበቀውም። የዋጠችው ግማሽ ጉንጭ አይሞላም። ጉሮሮዋ ሲድን ግን ጠባሳ ይዞ ዳነ፣ ጠባሳው ደግሞ መንገዱን አጠበበው። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ «ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ እዚህ ጋ ጠቧል» ሲለን ባሌ «አሁን ስፋቱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የእስክሪብቶ ቀፎ ያህል ነው» አለ ሐኪሙ።

ባሌ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ በቀፎው ቀዳዳ ወደ መስኮቱ አየ። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥም ያው እጁ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለልጅቷ ደረቅ ነገር አይሆንላትም። በየሦስት ወሩ ሆስፒታል ወስደን ጉሮሮዋን ያሰፉላታል። ምግቧ ሾርባ፣ እርጎ፣ በወተት የቀጠነ አጃና ድንች ነበር። ሐኪሙ «እያደገች ስትሄድ ይሻላታል፤ ክብደቷ ግን መውረድ የለበትም፣ ምሳ እንዳትዘል» አለን።

ባሌን በዚያ ጠርሙስ ወቅሼው አላውቅም፣ ከአንድ ቀን በቀር። ልጅቷ ትን ብሏት ስትሰቃይ ውላ፣ እኔም ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ «ክዳን መዝጋት ያቃተው ቧንቧ ሠራተኛ» አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሳህኖቹን ሰብስቦ ሊያጥብ ሄደ።

ስድስት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤት ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ በላስቲክ ዕቃ ያሰርኩላት ሾርባ ቦርሳዋ ውስጥ ፈሰሰ። ዕቃውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ፌስታሉን ቋጥሬ፣ በላዩ ሌላ ፌስታል ደርቤ ላክኋት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ፈሶ አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ደብተር አበላሸ። አስተማሪዋ በር ላይ አስጠራችኝ።

«እህቴ፣ ልጅሽን ጠልቼ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ክፍሌ ውስጥ አርባ ሁለት ልጅ አለ። የአንዷ ሾርባ ሲፈስ የሌላው እናት እኔ ላይ ነው የምትጮኸው። ቢሮ ደግሞ፣ ሦስተኛ ከደገመ ደረቅ ምግብ መብላት እስክትችል ቤት ትቆይ ብሏል።»

ይህን ለባሌ ስነግረው ጥርሱን እየፋቀ ነበር። መፋቁን ትቶ «የሚያፈስ ነገር እኔ ቤት?» አለ። በማግስቱ አፈ ሰፊ የብረት የሾርባ ፔርሙዝ ይዞ መጣ። በክዳኑ ውስጥ ያለችውን ክብ ጎማ፣ ጎሚኒ የሚሏትን፣ አውጥቶ ጣላትና ከራሱ ሳጥን ወፍራም ጎማ አምጥቶ በልኳ ቆረጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክዳኑን የሚዘጋው እሱ ሆነ። ሥራ በዛም አነሰም፣ አሞትም ሆነ ዘንቦ፣ ማንም አይነካበትም።

ልጅቷን «ኢንስፔክተር» ይላታል።

«ተነሺ ኢንስፔክተር፣ ሥራ አለ።»

መጀመሪያ ዕቃውን በፈላ ውሃ ሞልቶ ያሞቀዋል። «ቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ሾርባው ይደነግጣል» ይላታል። ውሃውን ደፍቶ ሾርባውን ሲገለብጥ እስከ አፉ አይሞላም፣ አንድ ጣት ያጎድላል። «ሾርባም እንደ ሰው መተንፈሻ ይፈልጋል።» ከዚያ የዕቃውን ከንፈር በደረቅ ጨርቅ ዙሪያውን ይጠርጋል። አንዲት የምስር ልጣጭ እዚያ ከቀረች ጎማው በልጣጩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በሥሩ ያፈሳል። ትኩሱ እንፋሎት ክዳኑን እንዳይገፋው ልጅቷ እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች፤ ሃያ ስምንት ላይ ሁልጊዜ ትቸኩላለች፣ እሱም «ሃያ ዘጠኝን ማን በላት?» ይላታል። በመጨረሻ ጎሚኒዋን በአንድ ጠብታ ውሃ አርሶ ክዳኑን ያዞራል። ከዚያ ዕቃውን ጋዜጣ ላይ ይደፋዋል፤ ልጅቷ ጫማዋን እስክታስር እንደተደፋ ይቆያል። ጫማ ማሰር ስለማትችልበት ፈተናው ረጅም ነበር።

አስራ ስትጨርስ ዕቃውን አንስታ ጋዜጣውን በመዳፏ ትዳብሰዋለች።

«ወድቀሃል» ትለዋለች ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

«ኧረ እባክዎ፣ የልጅ አባት ነኝ።»

«እሺ፣ ዛሬን አልፈሃል።»

አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ሄደ። አንድም ቀን አልፈሰሰም። ልጅቷ ሁለት ኪሎ ጨመረች።

ከዚያ የባሌ እጅ መክዳት ጀመረ። መጀመሪያ መፍቻ ከእጁ ወደቀ። ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ አስቸገረው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ሰረጎደ። ሐኪሞቹ የነርቭ ነው አሉ፤ መድኃኒት የለውም፣ ከእጅ ጀምሮ ወደ ሌላው ይሄዳል አሉ። ሥራ ያቆመ ቀን የመሣሪያ ሳጥኑን አልጋ ሥር አስገብቶ «እጄ ጡረታ ወጣ፣ እኔ ገና ነኝ» አለኝ።

የቀረው ሥራ የልጅቷ ክዳን ብቻ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሲዘጋው ከምድጃው አጠገብ ቆሜ አያለሁ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ክዳኑን ሲያዞረው ገና ሊጠብቅ የሚችል እየመሰለኝ እሱ ቶሎ ያቆማል። አቅሙ እዚያ ድረስ ነው ብዬ አሰብኩ። ጋዜጣው በየቀኑ ደረቅ ነበር፤ ጋዜጣውን ግን አላመንኩትም። ጋዜጣ ጫማ እስኪታሰር ነው፣ የትምህርት ቤቱ መኪና ግን አርባ ደቂቃ ያንገጫግጫል። ሦስተኛ ከደገመ ልጄ ቤት ትቀራለች፤ እሱም ያን ጠርሙስ ሁለተኛ ጊዜ የከፈተ ያህል ይሰማዋል።

ስለዚህ ደረጃ ላይ ማጥበቅ ጀመርኩ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። ልጅቷ ደረጃውን እየቆጠረች ቀድማኝ ስትወርድ እኔ ከያዝኩላት ቦርሳ ዕቃውን አወጣና አንሶላ በምጨምቅበት እጄ ክዳኑን እጠመዝዘዋለሁ፣ አልንቀሳቀስ እስኪለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ማታ እራት ላይ ልጅቷ «አባዬ፣ ዛሬ ክዳኑ እምቢ አለኝ። የስፖርት አስተማሪው ነው የከፈተልኝ። እሱም ፊቱ ቀላ» አለች።

ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ማ? ያ ደረተ ሰፊው?»

«አዎ። አባትሽ ምንድን ነው የሚሠራው አለኝ።»

ባሌ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲያ ሲስቅ ሰማሁት። የከሳውን እጁን እያገላበጠ አየና «ይኼ ሌባ፣ ሞቷል ስንለው ተኝቶ ነው» አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልተው? ስድስት ሳምንት፣ አንድ ቀን ሳላጓድል፣ ደረጃው ላይ አጠበቅሁ።

በዚያ ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ሁለቱ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። የልጅቷ ቀሚስ ከወገብ በታች ምስር ለብሷል። ደብተሮቿ መስኮቱ ላይ ተሰጥተዋል። ምሳ ስላልበላች አባቷ ወተት አሙቆላት እየጠጣች ነበር። የመልእክት ደብተሩ ላይ አስተማሪዋ ሁለት መስመር ጽፋለች፤ ያጠገቧ ልጅ ደብተር እንደተበላሸ፣ ነገ ቢሮ እንድመጣ፣ ልጅቷን ግን እንዳላመጣ።

ባሌ ጎሚኒዋን ከክዳኑ ውስጥ አውጥቶ መስኮቱ ጋ ብርሃን ላይ ይዟት ነበር። አዞራት። በጥፍሩ ነካት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «እጄ ነው» አለ።

አይደለም፣ ካንተ በኋላ እኔም ነክቼዋለሁ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ካልኩት ግን የእራቱ ሳቅ ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው፤ ስድስት ሳምንት ሥራውን ከኋላው እየተከተልኩ ስሠራበት ነበር ማለት ነው። ሌላም አለ፣ እሱን ካልተናገርኩ ይህን መጻፌ ዋጋ የለውም። እውነት መስሎኝ ነበር። እኔ እንዲያ አጥብቄው ከፈሰሰ፣ ሲጀመር እሱ ጎማውን አጣሞ ገጥሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

የልጅቷን ቀሚስ አውልቄ ባልዲ ውስጥ ነከርኩት።

«ከእንግዲህ አንቺ ትዘጊዋለሽ» አለኝ። «አዲስ ጎሚኒ ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ዛሬ እቀይረዋለሁ። ስትዘጊ ግን ጠይቂኝ።»

«እሺ» ብዬው ደብተሩ ለተበላሸበት ልጅ ሌላ ደብተር ልገዛ ወረድኩ።

በማግስቱ ቢሮ ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ምንም አልሆነም። ልጅቷ እስከሚቀጥለው ዓመት ቤት እንድትቆይ ተባለ። የሚዘጋ ክዳን ስላልነበረ አልጠየቅሁትም።

አራት ወር ተኩል አባትና ልጅ ቤት ዋሉ። እኔ ጠዋት ሾርባ ሠርቼ እሄዳለሁ፣ እነሱ ምሳ ሰዓት አብረው ይበላሉ። እያደር በሽታው ወደ ጉሮሮው ወጣ፤ እሱም ደረቅ ነገር እምቢ አለው። ከአንድ ድስት፣ በአንድ ወንፊት ያለፈ ሾርባ ይበሉ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ሥራ ስላልነበረኝ ቤት ነበርኩ። ልጅቷ ማንኪያ ይዛ ፊቱ ተቀምጣለች።

«አባዬ፣ አገጭህን ወደ ደረትህ አድርግ። እንደሱ ነው ትን የማይለው። ሐኪሙ ነው ያስተማረኝ።»

«እሺ ኢንስፔክተር።»

«አታውራ። ዋጥ።»

ዋጠ።

«አልፈሃል።»

ባሌ እሑድ ቀን ሞተ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

አዲሱ የትምህርት ዓመት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሾርባውን ዕቃ ከመደርደሪያው አወረድኩት። ቢሮ ልጅቷን መልሶ ተቀብሏታል፤ ቅድመ ሁኔታው ያው ነው፤ እንዳይፈስ። ባሌ ሲያደርግ ያየሁትን ሁሉ አደረግሁ። አሞቅሁ፣ አንድ ጣት አጎደልኩ፣ ከንፈሩን ጠረግሁ፣ ልጅቷ ሠላሳ ቆጠረች፣ ጎሚኒዋን አረስኩ። ከዚያ በሙሉ ጉልበቴ አጥብቄ ጋዜጣ ላይ ደፋሁት። ልጅቷ ጫማዋን አሁን ቶሎ ታስራለች። ጋዜጣው ግን ከዚያም ቀድሞ ራሰ። ደግሜ አጠበቅሁ። የባሰ ራሰ።

ዕቃውን በፎጣ ጠቅልዬ የቧንቧ ዕቃ ወደሚሸጡት ሽማግሌ ሄድኩ። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ከሳቸው ነበር የሚገዛው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ክዳኑን ለመክፈት ታገሉ፣ አቃታቸው፣ በመፍቻ ከፈቱት። ጎሚኒዋን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ባንድ ጎኗ አብጣ ወጥታለች፣ ጠርዟም ተሰንጥቋል።

«ልጄ፣ ይኼን ማነው ያጠበቀው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ይኼ የሱ እጅ እንዳልሆነማ አያለሁ። ጎማ ሲነካ ይዘጋል፣ ሲጨፈለቅ ይሸሻል። ካስጨነቅሽው ባንድ በኩል ይወጣና በዚያው ያፈሳል። ቧንቧ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚማረው ይኼን ነው።»

«እሱ እኮ ቶሎ የሚያቆመው እጁ ደክሞ…»

«እጁ ደህና ሳለም ቶሎ ነው የሚያቆመው። ነክቶ ጥፍር ያህል ማለፍ ነው፣ አለቀ።» ዕቃውን አነሡና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ደግሞ ምልክት አድርጎልሽ የለም እንዴ?»

ክዳኑ ጠርዝ ላይ አንዲት ጭረት አለች። የዕቃው አንገት ላይ ሌላ ጭረት አለች፣ ትንሽ ጠመም ያለች። ትምህርት ቤት የተጫረ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው አዲስ ጎሚኒ ገጥመው፣ ክዳኑን በሁለት ጣት አዙረው፣ ሁለቱ ጭረቶች ሲገናኙ አቆሙ። ዕቃውን ደፍተው አራገፉት። አልፈሰሰም።

ቤት ገብቼ የመሣሪያ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ሳብኩት። የዚያ የረቡዕዋ ጎሚኒ ከሚስማሮቹ መካከል ነበረች። ባንድ ጎኗ አብጣ ወጥታለች፣ ጠርዟ ተሰንጥቋል። በሽማግሌው መዳፍ ላይ ካየኋት አትለይም።

ልጄን ጠራኋት።

«ይኼን ማነው የጫረው?»

«አባዬ።»

«መቼ?»

«የፈሰሰ ቀን። አንቺ ደብተር ልትገዢ ስትወርጂ። እኔ ዕቃውን ያዝኩለት፣ እሱ በሚስማር ጫረ። የታችኛው የጠመመው እጁ ስለተንቀጠቀጠ ነው።»

«ምን አለሽ?»

«እናትሽ ስትጠይቅ አሳዪያት አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አላሳየሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን መስኮቱ ጋ ቆሞ ጎማዋን ሲያገላብጥ የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አውቋል። ሃያ ሁለት ዓመት ያን ዓይነት ጎማ ሲቀይር የኖረ ሰው አይሳሳትም። አውቆ ነው «እጄ ነው» ያለው። አንድን ክዳን አበላሽቶ ሲኖር ሰው ምን እንደሚሸከም ከኛ ቤት እሱ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

«ሌላስ ምን አለ?» አልኳት።

ልጅቷ አሰበች።

«ምንም። የእናትሽ እጅ ጠላትንም አይያዘው ብሎ ሳቀ።»

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ክዳኑን እኔ አዞርኩ፣ ጭረቱ ላይ አቆምኩ። ልጅቷ ጫማዋን አስራ ጋዜጣውን ዳበሰች፣ ደረቅ ነበር፤ ዕቃውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደረጃውን መቁጠር ጀመረች። እኔም ተከተልኳት፣ እጄን የካፖርቴ ኪስ ውስጥ አድርጌ።

በዚያ ዓመት አልፈሰሰም፣ በሚቀጥለውም። በሦስተኛው ዓመት ሐኪሙ ዳቦ ፈቀደላት፤ አሁን ምሳዋን በወረቀት ጠቅልላ ነው የምትሄደው።